ፒያሳ፣ እትዬ ቤት

እንደ እኔ ከአገር ቤት ተነሥታችሁ ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ አዲስ አበባ የምትመላለሱ አያቶች ብዙ ናችሁ። ስንገናኝ የምሰማው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ ሥራ ይውላሉ፣ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተፋጥጠን እንውላለን። ሁለት ሳምንት ሰንብተን፣ ካልሲና ሻርፕ ተገዝቶልን፣ ከተማውን ሳናይ እንመለሳለን። ጎረቤት "አዲስ አበባ እንዴት ነበረች?" ሲለን "ደህና ናት" እንላለን፤ ያየነው ግን ሳሎኑን ነው።

እኔ ይህ አይሆንልኝም። አዲስ አበባን ከ40 ዓመት በላይ ተመላልሼባታለሁ፤ እወዳታለሁም። ኖሬባት ግን አላውቅም። ምናልባት የምወዳት ለዚህ ይሆናል፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ አልተሰለፍኩባትም፣ የቤት ኪራይዋም አላሳደደኝም። ዛሬ የጤናውን ምክር ትቼ (ሙሉ በሙሉ አልተወውም) ስለዚህች ከተማ ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ አገሬን ልንገራችሁ። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘነብለው የምዕራቡ ደጋ ላይ ያለች የቦረና ከተማ ናት። የወሎ ቦረና ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ላይ "ከቦረና ነው የመጣሁት" ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያስበው በሞያሌ በኩል ያለውን ቦረና ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር እንዲያውም ስለ ግመል እየጠየቀኝ ከመገናኛ አራት ኪሎ ደረስን። እኛ ዘንድ ያለው ገብስ፣ በግና ውርጭ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በ1975 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ የነርስነት ዲፕሎማዬ በኋላ የመጣ ነው። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ ገና ወደየገጠሩ በመስፋፋት ላይ ስለነበር እኔም ለሥልጠና ተጠራሁ። ያኔ ከአገር አገር መሄድ ማለት የይለፍ ወረቀት ማውጣት ማለት ነበር። ወረቀቱን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ እናቴ ያዘጋጀችልኝን ማርና የገብስ ቆሎ ይዤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ጉዞው ሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን አቧራ ነው፤ አቀስታን አልፈን፣ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጋቢያችንን እያስጠቀለለን፣ ማታ ደሴ ገብተን አደርን። ሁለተኛው ቀን ሌላ ዓለም ነው። ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ስንወርድ ጋቢው ወለቀ። ከሚሴ ላይ ሹራቡ ወለቀ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አልነበረንም፤ ማራገብ ብቻ ቀረን። ከዚያ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዝቶ ጣርማ በርን መውጣት ስንጀምር ያወለቅነውን ሁሉ መልሰን ለበስን። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማ ሆነና አንዲት ሴትዮ ከኋላ "ያ ረሱለላህ!" ስትል፣ ከፊት ያሉት ቄስ "በስመ አብ!" አሉ፤ ወዲያ ማዶ ብርሃን ሲታይ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ። የወሎ አውቶቡስ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እዚያው ከተማ የሚሠራውን ብርድ ልብስ ዓይቼ ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ለመልስ ጉዞ ይሁን ብዬ አለፍኩ። ለእናቴ ገዝቼላት እስክትሞት ለበሰችው።

አመሻሽ ላይ በኮተቤ በኩል ስንገባ ያየሁትን መብራት እስካሁን አልረሳውም። መካነ ሰላም ያኔ ማታ ፋኖስ ነበር። መብራት እንዲህ ሜዳ ሙሉ ተዘርቶ ሳይ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "አብሽሪ ልጄ፣ ገና ነው፤ ይሄ ዳሩ ነው" አሉኝ።

መርካቶ አውቶቡስ ተራ የጠበቀችኝ የእናቴ የአጎት ልጅ ናት። እትዬ እላታለሁ፤ እዚህም እትዬ ብዬ ልጥራት። ቤቷ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባ ቅያስ ነበር። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ በዘመኗ ስንት የቦረና ሰው እንዳደረ ብንቆጥር አንድ ቀበሌ ይሞላል። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ተማሪ፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣው ገበሬ፣ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደዋ ልጅ፣ ሐኪም ቤት የታዘዘው በሽተኛ፣ ሁሉም መጀመሪያ እትዬ ቤት ነው የሚወርደው። ለሙስሊም እንግዶቿ የተለየ ድስትና ሰሃን ነበራት፤ ሥጋውም ከሙስሊም ልኳንዳ ይገዛ ነበር። አንድም ቀን ይህን እንደ ትልቅ ነገር ስታወራው አልሰማሁም። እንግዳ ሲበዛ ባሏ ጋሼ ፍራሹን ለቆ ወንበር ላይ ያድራል። "የምድር ባቡር ሠራተኛ ተቀምጦ መተኛት ለምዷል" ይለን ነበር።

ሥልጠናው አንድ ወር ነበር። ጠዋት ጠዋት በአንበሳ አውቶቡስ፣ ሲመቸኝ ደግሞ በ"ውይይት" እሄድ ነበር። ለወጣቶቹ ልንገራቸው፤ ውይይት ማለት ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ያላት ታክሲ ናት። የዚያን ዘመን ሰው በየቀበሌው የውይይት ክበብ እየተባለ በግድ ይቀመጥ ስለነበር አራዳ ስሟን አወጣላት። ማታ ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉም በጊዜ ይከተታል። ከሥልጠናው ብዙ ነገር ተምሬ ተመልሻለሁ፤ በላምባ የሚሠራውን የክትባት ማቀዝቀዣ ክር እንዴት እንደሚስተካከል እስካሁን በጨለማ እሠራዋለሁ። ከተማዋን የተማርኩት ግን እሑድ እሑድ ከጋሼ ጋር ነው።

ጋሼ በታክሲ መሄድ አይወድም። "ከተማ በእግር ካልሄድሽበት ስሙን እንጂ መልኩን አታውቂውም" ባይ ነው። ከጊዮርጊስ ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር ድረስ እንወርዳለን። በእያንዳንዱ ቦታ ቆሞ ያወራል። ብሔራዊ ቴአትር ስንደርስ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ ኢዮቤልዩ ሲመረቅ ከውጭ ቆሞ እንዳየ ነገረኝ፤ ከደጁ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ "ሲቆጣ እንኳ ጨዋ ነው" ይለዋል። ለገሃር ግን የሱ ቤት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን፣ ጣቢያው በኋላ በ1922 ዓ.ም. ገደማ መሠራቱን እንደ ልደቱ ቀን ያውቀዋል። ከጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሲያሳየኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በዚያ በባዕድ አገር የተማረከ የአገሩን አንበሳ ሲያይ ጎራዴውን መዝዞ ጣሊያኖች ላይ የተነሣው በዚህ ሐውልት ፊት ነው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ አይደለም የሰማሁት፤ ቅባት የጠገበ የሥራ ልብስ ከለበሰ የባቡር ሠራተኛ ነው።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ እትዬ ፒያሳ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። የራሷን ጥበብ አለበሰችኝ፤ ከኋላዬ ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት መጋረጃ አለ። ባሕር አይቼ የማላውቅ ሰው ባሕር ዳር ቆሜ ተነሣሁ። ፎቶው አሁንም መካነ ሰላም ከሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። የልጅ ልጄ "እማ፣ የት አገር ነው ይሄ?" ትለኛለች፤ "ፒያሳ" እላታለሁ፤ ትስቃለች።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሄድኩት በአብዛኛው በሽተኛ ይዤ ነው። የኛ አገር ሰው ጥቁር አንበሳን የሚያውቀው እንደ ሆስፒታል ብቻ አይደለም፤ እንደ መጨረሻ በር ነው። "ጥቁር አንበሳ ተጻፈለት" ከተባለ ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል። ሊፍት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁትም እዚያ ነው፤ አንድ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሽማግሌ ይዤ። በሩ ተዘግቶ ወለሉ ሲነሣ ሽማግሌው እጄን ጨብጠው "ልጄ፣ ቤቱ ሄደ!" አሉ። ነርስ ነኝና "የታወቀ ነው አባቴ" አልኳቸው፤ ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንዲቱን ጉዞ ግን ለይቼ ላውራችሁ። በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። ከዓባይ በረሃ ጠርዝ ካለ ቀበሌ አንዲት ልጅ በወሳንሳ ጤና ጣቢያችን መጣች። ዕድሜዋ ከ17 አይበልጥም። ከመምጣቷ አምስት ወር በፊት ሦስት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ተወልዷል፤ ከዚያ ወዲህ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ራስ የእናትየውን ገላ ከአጥንት ጋር ተጭኖ ይይዘዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። የእርግማን ነገር የለበትም፤ መንገድ የማጣትና በጊዜ የሐኪም እጅ የማጣት ነገር ነው። ልጅቱ ግን ይህን የነገራት ሰው ስላልነበረ ከሰው ተለይታ በረቱ ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ውስጥ ከረመች።

ወደ አዲስ አበባ እኔ ይዣት እንድሄድ ተወሰነ። ከሥሯ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ጨርቅ በጨርቅ እየቀየርኩ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ከደሴ በተነሣው አውቶቡስ ውስጥ ሽታው ሲመጣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ረዳቱ መጥቶ ከሚሴ ላይ እንድንወርድ ነገረን። እኔ አፌን ሳልከፍት ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት የከሚሴ እናት ተነሡ፤ ከቦርሳቸው ሽቶ አውጥተው በሻሻቸው ላይ፣ በወንበሩ ላይ፣ በረዳቱም ላይ ረጩ። "በል አሁን ሂድ፤ ሁላችንም ከሴት ነው የተወለድነው" አሉት። አዲስ አበባ ድረስ ማንም ምንም አላለንም። ሴትዮዋ ከሚሴ መውረድ ሲገባቸው እስከ ሸዋ ሮቢት ከፍለው አብረውን ሄዱ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

የፊስቱላውን ሆስፒታል ያቋቋሙት ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ናቸው። ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው፤ በ1951 ዓ.ም. ለጥቂት ዓመት ብለው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ካትሪን ሐምሊን በ96 ዓመታቸው በ2012 ዓ.ም. መጋቢት እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። እኔ ልጅቱን ሳደርስ ያየሁት ሕንፃውን አይደለም፤ አበባውን ነው። ግቢው አበባ በአበባ ነበር። ልጅቱ ከበሩ ቆማ "እዚህ ነው የምገባው? እኔ?" አለችኝ። ውስጥ ስትገባ እንደሷ የሆኑ ብዙ ሴቶች ተቀምጠው አየች። አምስት ወር ሙሉ በዓለም ላይ እሷ ብቻ እንደሆነች ታስብ ነበር። ከሕክምናው በፊት የዳነችው እዚያች ደቂቃ ላይ ይመስለኛል።

ከአንድ ወር በላይ ቆይታ ተመለሰች፤ ደረቅ ሆና፣ ሆስፒታሉ ለሚሸኛቸው ሴቶች የሚሰጠውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ። ጤና ጣቢያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ስለ ቀዶ ሕክምናው የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። ያወራችኝ ግን ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ስለ አበባው፣ ማታ ማታ ስለሚታየው መብራት፣ አብራት ስለተኛች የሐረርጌ ልጅ፣ እንግዳ በሆነ ቋንቋ ስላስተማረቻት ዘፈን። ከዚያ ግቢ ወጥታ አታውቅም እኮ! "እትዬ፣ አዲስ አበባ ደግ አገር ናት" አለችኝ። ከተማዋ በዚያች ልጅ ዓይን ከአንድ አጥር አታልፍም፤ ግን ከብዙዎቻችን የበለጠ አይታታለች።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። አንድ የሳይንት ገበሬ ይዤ ሄጄ፣ ተመርምሮ፣ ዘግይታችኋል ተባልን። ወጥተን ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ "ምኒልክ የት ነው ያለው?" አለኝ። በቸርችል ጎዳና ዳገቱን ቀስ እያልን፣ እያረፍን ወጣን። ሐውልቱ ሥር ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየ። ሳይንት የፈረስ አገር ነው፤ ንጉሡን ሳይሆን ፈረሱን ነበር የሚያየው። በኋላ "ልጓሙን አጥብቀውበታል፤ እንዲህ የሚቆመው ለዚያ ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ቤት ሄደን ምሳ በላን። ክረምት ሳይገባ አረፈ። እኔ ግን በዚያ ሐውልት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ዐድዋን ብቻ አይደለም።

አሁን ልጄ የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ነው። የልጅ ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ አንዷ 13 ዓመቷ፣ አንዱ 9። አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባን አያውቋትም። የሚያውቁት ትምህርት ቤታቸውን፣ የሰርቪሱን መስኮትና አንድ የገበያ ማዕከል ነው። ያለፈው ዓመት ስሄድ ለእናታቸው "ቅዳሜን ስጪኝ" አልኳት። ሴት ልጄ ፈራች፤ "እማዬ፣ ትጠፋላችሁ" አለች። የቦረና ሴት አዲስ አበባ ላይ እንዳትጠፋ የባቡር ሠራተኛ አስተምሯታል አልኳት።

ከአራት ኪሎ ጀመርን፤ ሚያዝያ 27 ሐውልት ጋ። ሽቅብ በእግር። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን አየን። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ አፋር በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ስለዚህ ለልጆቹ "የ3.2 ሚሊዮን ዓመት የወሎ ዘመዳችሁ ናት፤ ሰላም በሏት" አልኳቸው። ትንሹ ቁመቷን አይቶ "ከእኔ ታንሳለች!" ብሎ ከዚያ ወዲህ ለጓደኞቹ ሁሉ ይናገራል። ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን በዚህ ከተማ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ለልጅ እንዴት ይነገራል? እኔ አሳጥሬ ነገርኳቸው፤ ትልቋ ግን በሐውልቱ ዙሪያ ያለውን ምስል አንድ በአንድ እየዞረች አየችና "ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ እዚህ እንደሆነ ግን አላወቅሁም" አለች። ቤቷ ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

እሑድ ፒያሳ ሄድን። ይህን ስጽፍ እጄ ይዘገያል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም፣ የእትዬ ቅያስም፣ ፎቶ የተነሣሁበት ቤትም ሄደዋል። ሚዛናዊ ልሁን፤ አዲሱን መንገድ አልጠላሁትም። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ለጉልበታችን የሚሆን መቀመጫ አለ፣ ማታ ብርሃን ነው። የዐድዋ ድል መታሰቢያም በየካቲት 2016 እዚያው ተከፍቷል፤ ትንሹ ከዚያ አልወጣም ብሎን ነበር። የእትዬ ቤት ደግሞ ጣሪያው ያፈስ እንደነበር፣ መጸዳጃው ለዘጠኝ ቤት አንድ እንደነበር የማውቅ ነርስ ነኝ፤ ያንን ናፈቅሁ ብል ውሸት ነው። ብቻ ቆሜ የቅያሱን አፍ ፈለግሁ፤ አጣሁት። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ምልክት አድርጌ ለካሁ። እሱም ራሱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ በኋላ የተመለሰ ነው። "እማ፣ እዚህ ምን ነበር?" አለችኝ ትልቋ። "ቤቴ" አልኳት። ኖሬበት ባላውቅም ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እትዬ አሁን 80 አልፏታል። ጋሼ ከዓመታት በፊት አርፏል። እሷ ሰፈሩ ሲነሣ ምትክ ተሰጥቷት ከከተማው ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ገብታለች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ውኃ ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ መጸዳጃው የራሷ ነው። ግን ጎረቤቶቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበትነዋል። ዕድሩ ስሙ አለ፤ ሰው ሲሞት ግን ለመድረስ ሦስት ታክሲ ነው። ልጆቹን ይዤ ስገባ ቡና አፍልታ፣ ሲኒውን ስትደረድር ቆጠርኩ፤ 12። እኛ አራት ነን። "ልማዴ ነው፤ አሁንም ሰው የሚመጣ ይመስለኛል" አለችኝ። ትልቋ የልጅ ልጄ ነገሩ ገባት መሰለኝ ወጥታ በየበሩ አንኳኳች፤ አንዲት የትግራይ እናትና አንዲት አዲስ የወለደች ወጣት ይዛ መጣች። ለስድስት ወር በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ በሰላምታ ብቻ ይተላለፉ ነበር። ያራስ ልጁን እኔ አቀፍኩት፤ እምብርቱን አየሁለት፣ ደህና ነው። አቦሉ ሳያልቅ እትዬ ለወጣቷ ስለ አጥሚት ትእዛዝ እየሰጠች ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ትልቋ በወር አንድ ጊዜ ብቻዋን እትዬ ጋ ትሄዳለች። ስለ ፒያሳ የምትነግራትን በደብተር ትጽፋለች፤ የትኛው ወርቅ ቤት የት እንደነበር፣ ማን ማንን እንዳገባ። ሰፈሩን በእርሳስ ስላ ፎቶውን ላከችልኝ። የፎቶ ቤቱን ቦታ አሳስታዋለች፤ እኔ በስልክ አረምኩት፤ እትዬ ደግሞ የኔን አረመች። አሁን ሦስታችን አልተስማማንም።

ቃል እንደገባሁት ትንሽ ስለ ጤና። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ አትክተቱት፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይታወቅምና የሳምንት ትርፍ ያዙ። አውቶቡስ ላይ እግራችሁን አንጠልጥላችሁ ቀኑን ሙሉ አትቀመጡ፤ በየእረፍቱ ውረዱ፣ ተራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላችሁ ውኃ አትተዉ፤ እኛ ሴቶች ይህ ልማዳችን ነው፣ ለኩላሊትም ለራስ ምታትም አይበጅም። ከልጆች ጋር ስትወጡ ደግሞ በቀን አንድ ሰፈር ይበቃል። ጋሼ በሁለት እሑድ አንድ ጎዳና ነበር የሚጨርሰው።

በእነዚህ 40 ዓመታት እንጦጦን አልወጣሁም። ሁልጊዜ በሽተኛ ወይም ጉዳይ ይዤ ስለምሄድ ከታች ሆኜ ነው የማየው። በዚህ ሁለት ዓመት ደግሞ መንገዱ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ሻንጣ አዘጋጅቼ መልሼ የፈታሁበት ጊዜ አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፤ ትንሹ እንጦጦ አብሮኝ ሊወጣ ቃል ገብቷል። ለሴት ልጄ ማር፣ ለልጆቹ ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። እትዬ በስልክ የለጋምቦ ገብስ ቆሎ አዝዛኛለች፤ ብዛቱን ስጠይቃት "ለአሥራ ሁለት ሰው የሚሆን" አለችኝ።